የአሮጌው ኮምቢ ማሞቂያ፦ ሙቀቱ ይግባ፣ ጭሱ ይቅር

ጥር ወር ላይ በደቡብ ጀርመን ተራሮች መሐል የሚጓዝ አንድ አሮጌ የቮልስዋገን ቫን አስቡ። ውጭው በረዶ ነው። ሹፌሩ የማሞቂያውን እጀታ ሳበ፤ እግሩ ስር ለብ ያለ አየር መጣ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች "ራሴን አመመኝ" ማለት ጀመሩ። አንዷ እንቅልፍ ወሰዳት። ሹፌሩም "መንገዱ አድክሟቸው ነው" ብሎ አለፈው።

ድካም ሊሆን ይችላል። ግን ደሞ ከወለሉ ስር ያለች አንዲት የዛገች ላሜራ ተበስታ ሊሆን ይችላል። በዚህ ቫን ላይ ተሳፋሪው በሚተነፍሰው አየርና ሞተሩ በሚያወጣው ጭስ መሐል ያለው ግድግዳ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህን መኪና ማሞቂያ መቀየር የምቾት ሥራ ቢመስልም ዋናው ቁም ነገር ያንን ግድግዳ ማደስ ነው። ለምን እንደዚህ ሆነ? እስቲ ከሞተሩ እንጀምር።

ውሃ የማያውቀው ሞተር

የዚህ ቫን ታሪክ የሚጀምረው ቤን ፖን ከሚባል ሆላንዳዊ መኪና አስመጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሳጥን የመሰለ መኪና በእርሳስ ነደፈ፤ ሹፌሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ፣ መሐሉ ለዕቃ ወይም ለሰው። ቮልስዋገን በ1950 ማምረት ጀመረ። ጀርመኖች "ቡሊ" ይሉታል፤ ብራዚሎች ደግሞ "ኮምቢ"። በብራዚል ምርቱ እስከ 2013 ድረስ ቀጥሏል፤ በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተርም እስከ 2005 ድረስ አብሮት ነበር።

ሞተሩን እኛም እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ውስጥ "ቮልስ" የምንላት ያቺ ጀርባዋ የጎበጠ ትንሽ መኪና የኮምቢው ታላቅ እህት ናት። ሁለቱም አራት ሲሊንደር ያለው፣ ሁለቱ ወደ ግራ ሁለቱ ወደ ቀኝ የተኙበት ሞተር ከኋላቸው ተሸክመዋል።

ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም። በሲሊንደሮቹ ዙሪያ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ የብረት ክንፎች አሉ። በቺንጋ የሚዞር ፋን (ቺንጋው ዲናሞውን ያዞራል፣ ፋኑም በዲናሞው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ታስሯል) በክንፎቹ መሐል አየር እየነፋ ሞተሩን ያቀዘቅዛል። ውሃ ስለሌለ አይፈላም፣ አይፈስም፣ በብርድም በረዶ ሆኖ ሞተር አይሰነጥቅም። ብልህ ንድፍ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሰው ሲበርደው ነው።

ታዲያ ሙቀቱ ከየት ይምጣ?

በአሁኖቹ መኪኖች መልሱ ቀላል ነው። ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ የሞቀው ውሃ ከዳሽቦርዱ ስር ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ በላይዋ ላይ አየር ይነፋባታል፤ ተሳፋሪው ይሞቃል። ኮምቢው ግን ውሃ የለውም።

ሙቀት ግን ሞልቶታል። ከቤንዚን ከሚገኘው ኃይል ውስጥ ጎማ ወደ ማዞር የሚሄደው በግምት ሩቡ ነው። አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከጭሱ ጋር በጭስ ማውጫው ይወጣል። የቀረው በሞተሩ አካል በኩልና በሰበቃ ይጠፋል። መሐንዲሶቹ ዓይናቸውን የጣሉት በጭሱ ላይ ነበር። ጭሱ ከሲሊንደር ሲወጣ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፤ ይህን ሁሉ ሙቀት ለምን ለሜዳ እንሰጣለን?

ስለዚህ የጭስ ማውጫውን ቧንቧ በሳጥን ሸፈኑት። "ሙቀት ማስተላለፊያ ሳጥን" እንበለው። በግራና በቀኝ አንድ አንድ አለ። መሐሉ ላይ ጭስ የሚሄድበት የብረት ቧንቧ፣ በቧንቧው ዙሪያ ክንፍ ያለው የአሉሚኒየም ልባስ፣ ከዚያ ውጭ ሁሉንም የሚያቅፍ የላሜራ ሽፋን። ፋኑ ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ከሚነፋው አየር ጥቂቱን በቱቦ ወደ ሳጥኑ ይልካል። አየሩ በቧንቧውና በሽፋኑ መሐል ሲያልፍ ይሞቃል። ከዚያ አንድ መዝጊያ ይጠብቀዋል። ሹፌሩ እጀታውን ከሳበ በሽቦ ገመድ የታሰረው መዝጊያ ይከፈትና ሞቃቱ አየር ከወለሉ ስር በተዘረጋ ረጅም ቧንቧ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ካልሳበ ወደ ውጭ ይጣላል።

በነገራችን ላይ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊት የነበሩት ሞዴሎች ሲሊንደሮቹን አቀዝቅዞ የመጣውን አየር ራሱን ነበር ወደ ተሳፋሪው የሚልኩት። ሞተሩ ዘይት ካንጠባጠበ መኪናው ውስጥ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። በኋላ የመጣው ሳጥን አየሩን ከፋኑ በቀጥታ ስለሚወስድ ያንን ሽታ አስቀረ። አንዱ ግድግዳ ግን እዚያው ነው።

ለምን ሁሌም ይበርዳል?

የኮምቢ ባለቤቶች ስለ ማሞቂያው ሲቀልዱ አያልቅባቸውም። ቀልዱ ግን ፊዚክስ አለው።

አየር ሙቀት በመሸከም ከውሃ ጋር አይወዳደርም። አንድ ሊትር ውሃ የሚሸከመውን ሙቀት በእኩል የሙቀት ልዩነት ለመሸከም 3500 ሊትር ገደማ አየር ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ሞተሩ ከኋላ፣ የሹፌሩ እግር ከፊት ነው፤ መኪናው ደግሞ ከ4 ሜትር በላይ ይረዝማል። ሞቃቱ አየር ያንን ሁሉ መንገድ የሚሄደው ከበረዶው በላይ በተንጠለጠለ ቧንቧ ነው። ሦስተኛ፣ ፋኑ ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ (መኪናው ቆሞ ቤንዚን ሳይረገጥ) የሚነፋው አየርም ትንሽ፣ የጭሱ ሙቀትም ትንሽ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በሴኮንድ 0.05 ኪሎግራም አየር በሳጥኖቹ ውስጥ ያልፋል፣ ሙቀቱም በ60 ዲግሪ ይጨምራል እንበል። አንድ ኪሎግራም አየርን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1000 ጁል ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ 0.05 × 1000 × 60 = 3000 ዋት። ይህ ቀላል አይደለም፤ ባለ 1000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሦስት እንደማብራት ነው። ነገር ግን ቱቦው ተቀዶ ግማሹ አየር መንገድ ላይ ከፈሰሰ 1500 ዋት ቀረ። ከቀረው ላይ የረጅሙ ቧንቧ መሸፈኛ ስለተላጠ ግማሹ ከጠፋ 750። ማሞቂያው "አይሠራም" የሚባለው እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ ተሸርሽሮ ነው።

ሁለት ዓይነት ክፍሎች

አንድ ሰው "የኮምቢዬን ማሞቂያ ልቀይር ነው" ሲል ከፊቱ ያሉትን ዕቃዎች በሁለት ይክፈላቸው፤ ሲበላሹ ሙቀት የሚያሳጡ እና ሲበላሹ ሕይወት የሚያሳጡ።

በመጀመሪያው ወገን የሽቦ ገመዶቹ፣ የመዝጊያዎቹ ሞላ፣ ከፋኑ ወደ ሳጥኑ የሚሄዱት ተጣጣፊ ቱቦዎች፣ ረጅሙ ቧንቧና መሸፈኛው አሉ። እነዚህ ርካሽ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ከጠቅላላው ብርድ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ገመዱ በሠላሳ አርባ ዓመት ውስጥ መሸፈኛው ውስጥ ዝጎ ይጣበቃል፤ እጀታው ይሳባል፣ መዝጊያው ግን አይነቃነቅም።

በሁለተኛው ወገን ያሉት ጭስ የሚነካቸው ናቸው፦ ሁለቱ ሳጥኖች፣ ከቴስታታው ጋር የሚገናኙበት ጋስኬት፣ ከማርሚታው ጋር የሚገናኙበት ማሰሪያ። እዚህ ላይ "ትንሽ ቀዳዳ ናት" የሚባል ነገር የለም። ለምን?

የከሰሉ ጠላት

ከሰል አያይዞ በር ዘግቶ መተኛት እንደሚገድል ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ ሰምተናል። እናቶቻችን "ከሰሉን አውጡት" የሚሉት ካርቦን ሞኖክሳይድን ፈርተው ነው። ይኸው ጋዝ በቤንዚን ሞተር ጭስ ውስጥም አለ። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮ አይቧጥጥም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ወንበሩን አንዴ ከያዘ ቶሎ አይለቅም፤ ኦክስጅኑ ቆሞ ይቀራል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ጭስ ማጣሪያ የሌለው የድሮ ካርቡራተር ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ ከጭሱ 3 በመቶው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው እንበል። ይህ ከሚሊዮን 30,000 ማለት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቧንቧ ተበስቶ፣ ወደ ተሳፋሪው ከሚሄደው አየር ውስጥ መቶኛው ብቻ ጭስ ሆነ እንበል። መቶኛው ብቻ! ውጤቱ ከሚሊዮን 300 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው ለስምንት ሰዓት ሊተነፍሰው የሚችለው ብሎ የሚመክረው ወሰን ከሚሊዮን 9 ገደማ ነው። ከ30 ጊዜ በላይ አለፍን። በ300 መጠን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድብታ ይመጣል። ድብታው ሹፌሩ ላይ ሲመጣ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው።

"ፋኑ አየር ወደ ሳጥኑ እየገፋ ጭሱ እንዴት ሊገባ ይችላል?" የሚል ካለ ጥሩ ጥያቄ ነው። የፋኑ ግፊት ደካማ ነው። ጭሱ ግን ከሲሊንደሩ የሚወጣው እንደ ምት ነው፤ ቫልቩ በተከፈተ ቁጥር የሚመጣው ምት ከፋኑ ግፊት ይበልጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምት ጭስ በቀዳዳዋ ወደ ሞቃቱ አየር ይተፋል።

ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር ደግሞ የአየሩን መሳሳት በቅጡ አያውቅም፤ ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከለ ከቀረ ቤንዚኑን ከሚገባው በላይ ይሰጣል። በቂ ኦክስጅን ያላገኘ ቤንዚን በደንብ አይቃጠልም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይጨምራል። እና ቤታችሁ ውስጥ ቮልስ ካለች፣ ማሞቂያዋን ተጠቅሞ የሚያውቅ ሰው ባይኖርም እንኳ ሳጥኖቹን ማየት ተገቢ ነው።

ከውስጥ የሚበላ ዝገት

ቧንቧው ለምን ይበሳል? በአውሮፓ ለበረዶ ማቅለጫ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከውጭ ይበላዋል። ሌላው ጠላት ግን ከውስጥ ነው፤ እሱም ውሃ ነው።

አዎ፣ ውሃ። ቤንዚን ሃይድሮጅንና ካርቦን ነው፤ ሲቃጠል ሃይድሮጅኑ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ውሃ ይሆናል። የኬሚስትሪ ሒሳቡን ብትሠሩት አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ጭስ ማውጫው በደንብ ከሞቀ እንፋሎቱ ወደ ውጭ ይሄዳል። መኪናው ግን ከቤት እስከ ሱቅ ብቻ ከተነዳ ቧንቧው ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ያድራል። በየቀኑ ትንሽ በትንሹ ብረቱ ይበላል። ለዚህ ነው ብዙ ርቀት ከሚጓዝ ኮምቢ ይልቅ ጋራዥ ውስጥ ተሸፋፍኖ አልፎ አልፎ የሚነሳው "ንጹሕ" ኮምቢ ሳጥኑ የበሰበሰ ሊሆን የሚችለው። ውጫዊው ሽፋን ስለሚያምር ማንም አይጠረጥርም።

አቀያየሩና ምክንያቱ

ይህን ሥራ ልምድ ካለው መካኒክ ጋር ካልሆነ አትጀምሩት። ቢሆንም እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደሚደረግ ማወቅ ለተመልካችም ይጠቅማል።

መጀመሪያ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ ባትሪው ይፈታ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ማንም ከስሩ አይገባም፤ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ በጣም አስቸጋሪው ክፍል ይመጣል፦ ሳጥኑን ከቴስታታው ጋር ያሰሩትን ዳዶዎች መፍታት። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ከውስጡ ወጥተው ዳዶ የሚቀበሉት ጥርስ ያላቸው ዘንጎች ግን ብረት ናቸው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ለአርባ ዓመት ሲለጠጥና ሲኮማተር፣ በዚያ ላይ ዝገት ሲጨመር፣ ዳዶውና ዘንጉ አንድ አካል ይሆናሉ። በጉልበት መፍቻ ከተጫኑት ዘንጉ ቴስታታው ውስጥ ይሰበራል፤ የግማሽ ቀን ሥራ የሳምንት ሥራ ይሆናል። ብልሃቱ ትዕግሥት ነው። ከአንድ ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ ዘይት መርጨት፣ ዳዶውን ማሞቅ (ዘይቱ ተጠርጎ፣ የቤንዚን ቱቦ አጠገብ አለመኖሩ ተረጋግጦ)፣ ከዚያ ትንሽ ማጥበቅ፣ ትንሽ ማላላት፣ እንደገና።

ሳጥኑ ሲወርድ አሮጌው ጋስኬት ይቀራል። የድሮ ጋስኬቶች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ነው። ስለዚህ በደረቁ አይፋቅም፣ በአየር አይነፋም፤ ረጥቦ ይነሣል። አዲስ ሳጥን በአሮጌ ጋስኬት አይታሰርም፤ ጋስኬት አንዴ ከተጨፈለቀ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይገጥምም።

አዲሱን ሳጥን ስትመርጡ ወደ ውስጡ እዩ። ከውጭ ሁሉም ይመሳሰላሉ። አንዳንዶቹ ርካሽ ቅጂዎች ግን ውስጣቸው ያለው ክንፍ ትንሽ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም። ክንፍ ማለት አየሩ የሚነካው የብረት ስፋት ማለት ነው፤ ስፋቱ ሲያንስ ሙቀቱም ያንሳል። በእጅ መመዘን ብቻ እንኳ ብዙ ይናገራል፦ ቀሎ የተገኘ ሳጥን ብረቱ ጎድሎታል።

የተበሳውንስ በማጣበቂያ መድፈን? አይሆንም። ቧንቧው ከቀዝቃዛ ወደ ብዙ መቶ ዲግሪ በየቀኑ ሲመላለስ ድፍኑ ይላቀቃል። ደሞ አንድ ቦታ የተበሳ ቧንቧ ሌላውም ቦታ ሳስቷል ማለት ነው።

"ማሞቂያ አልፈልግም" ብሎ ሳጥኖቹን አውጥቶ ተራ ቧንቧ የሚያስገባም አለ። ይቻላል፤ ግን ከፋኑ ወደ ሳጥኑ ይሄዱ የነበሩት ቀዳዳዎች በደንብ መደፈን አለባቸው። ካልተደፈኑ ሲሊንደሩን ማቀዝቀዝ የነበረበት አየር በዚያ ያመልጥና ሞተሩ ይግላል። በዚህ ሞተር ላይ ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው አንድ ሥርዓት ናቸው።

በመጨረሻም የሞተሩ ክፍል ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያ አይረሳ። ፋኑ አየር የሚስበው ከሞተሩ ክፍል ነው። ማሸጊያው ከሌለ ከስር ያለው የጭስ ማውጫ አየር ወደ ላይ ይሳባል፤ አዲሱ ሳጥን ምንም ቀዳዳ ባይኖረውም ጭሱ በፋኑ በኩል ዞሮ ይገባል።

ሥራው መጠናቀቁን በምን እናውቃለን?

አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ፣ በማርሚታው ጫፍ በኩል አየር በቀስታ ይነፋል (ወደ ውጭ መንፋት የሚችል የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ይበቃል)። ከዚያ በየመጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ይቀባል። አረፋ የሠራበት ቦታ ያፈስሳል። ሞተሩ ጥቂት ከሠራና ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ዳዶዎቹ እንደገና ይፈተሻሉ፤ አዲስ ጋስኬት መጀመሪያ ሲሞቅ ትንሽ ይሰፍራልና። ከሁሉም በላይ ግን መኪናው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይቀመጥ። አፍንጫችን ይህን ጋዝ አያውቀውም፤ ማንቂያው ያውቀዋል።

ማንቂያው ከጮኸ፣ ወይም ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፦ ማሞቂያውን መዝጋት፣ መስኮት መክፈት፣ መቆም፣ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት። ሐኪም ማየትም ያስፈልጋል።

የመሐንዲስ ትምህርት

ውሃ የሚጠቀመው መኪና ከጭሱ እስከ ተሳፋሪው ድረስ ሁለት ግድግዳ አለው፦ ከጭስ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ አየር። አንዱ ቢበሳ ውሃ ይጎድላል፣ ሞተር ይግላል፣ መብራት ይበራል፤ ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል። የኮምቢው አንድ ግድግዳ ሲበሳ ግን ምንም መብራት አይበራም። ማሞቂያው እንዲያውም መሥራቱን ይቀጥላል፤ ለብ ያለው አየር መምጣቱን አያቆምም።

ስለዚህ አንድ ንድፍ ሲቀርብላችሁ "ይሠራል ወይ?" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። "ሲበላሽ እንዴት አውቃለሁ?" ብላችሁም ጠይቁ። ኮምቢው ለመጀመሪያው ጥያቄ ቆንጆ መልስ አለው፤ ለሁለተኛው የለውም። የጎደለውን የሚሞላው ወለሉ ስር ገብቶ በባትሪ ብርሃን የሚያየው ሰው ነው።